ጎህ ሲቀድ የሚጠፋው ሲግናል

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ቤቴ መጣች። አራት ኪሎ ግቢ ፊዚክስ ትማራለች፤ ሦስተኛ ዓመት ናት። ለጓደኞቿ ስለ ሳተርን ጨረቃዎች ገለጻ ልታቀርብ ነው። ላፕቶፗን ረከቦቱ አጠገብ ከፈተችና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የሬዲዮ ሰው ነዎት። ሁይገንስ የተባለው መንኮራኩር የሳተርን ጨረቃ ታይታን ላይ ሲወርድ የላከው መረጃ ሊጠፋ ነበር ይላሉ። ያን ያህል አስበው የሠሩ ሰዎች ይህን እንዴት ሳያዩት ቀሩ?» አለችኝ።

የሙያውን መልስ ሰጠኋት። ሌላውን ዋጥኩት። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የሙያውን። ሳተርን ከእኛ 1.4 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የሬዲዮ ሞገድ እንኳን እዚያ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1997 ተነስታ ሳተርን የደረሰችው በ2004 አጋማሽ ነው። ሁይገንስን አዝላ ነው የሄደችው። ሁይገንስ ትንሽ ነው፤ መረጃውን በቀጥታ ወደ ምድር የሚልክበት ጉልበት የለውም። ስለዚህ ለካሲኒ ይነግራታል፤ እሷ ተቀብላ ለምድር ትነግራለች። በእኛ ሙያ ሪፒተር እንለዋለን።

አሁን ቸርችል ጎዳና ላይ ቆማችሁ አምቡላንስ ሲመጣ አስቡ። ወደ እናንተ ሲቀርብ ሳይረኑ ይቀጥናል፤ አልፏችሁ ሲሄድ ይወፍራል። ዶፕለር የሚባለው ይህ ነው። ካሲኒና ሁይገንስ በሰከንድ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ እየተቀራረቡ ሊነጋገሩ ነበር። መሐንዲሶቹ ሞገዱ እንደሚቀጥን ያውቃሉ፤ ተዘጋጅተውበታል። የሳቱት ሌላ ነገር ነው። ሞገዱ ሲቀጥን በላዩ የተጫነው የመረጃ ምትም አብሮ ይፈጥናል። ልዩነቱ ከመቶ ሺህ ሁለት ገደማ ቢሆን ነው። ግን ከበሮው ፈጥኖ እግር ካልተከተለ ጭፈራው ይፈርሳል። የካሲኒ መቀበያ እግሩ አልተከተለም።

ምድር ላይ ሳለ ሙሉ ሙከራ ይደረግ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። ዕቃው ተፈትቶ እንደገና ሊፈተሽ ነው፣ ይከብዳል ተባለና ቀረ። መንኮራኩሯ ከሄደች በኋላ ቦሪስ ስሜድስ የሚባል ስዊድናዊ መሐንዲስ ጉዳዩን አልተወውም። ጀርመን ዳርምሽታት በሚገኘው የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ማዕከል ይሠራ ነበር። የሁይገንስን ድምፅ አስመስለን፣ የፍጥነቱን ለውጥ ጨምረንበት፣ ከምድር ወደ ካሲኒ እንላክና ትስማው አለ። መጀመሪያ እሺ አላሉትም። በኋላ ተፈቀደለት። እ.ኤ.አ. የካቲት 2000 ከካሊፎርኒያ በረሃ፣ ከጎልድስቶን አንቴና ላኩት። ካሲኒ ሞገዱን ሰማች። መረጃው ግን ተበላሽቶ ነበር።

እስከዚህ ለልጅቷ ነገርኳት። የዋጥኩት ይህን ነው።

በ1990 ዓ.ም. እኔ የአንድ ቡድን ኃላፊ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር። ገጠር ያሉ ጣቢያዎችን ከከተማ ጋር በማይክሮዌቭ ሬዲዮ ሞገድ እናገናኝ ነበር። ቢሯችን ለገሃር አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዚያ ዓመት አንዲት ወጣት ተቀጠረች። ከአምስት ኪሎ ከተመረቀች ዓመት አልሞላትም። ቀጭን ድምፅ ነበራት። ስትናገር ካርታውን እንጂ ሰው አታይም።

አንዱ መስመራችን ሐይቅ ያቋርጣል። በዚህ ማዶ ማማ፣ በዚያ ማዶ ማማ። ቀን ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለካን፤ ሲግናሉ እንደ ብረት ጠንካራ ነበር። የምረቃው ቀን ተቆርጧል፤ እንግዶች ተጠርተዋል። የመጨረሻው ስብሰባ ላይ ይህች ልጅ እጇን አነሳች። «ጋሼ፣ የለካነው ቀን ብቻ ነው። ውኃ ላይ ሌሊቱ ሌላ ነው። ሳምንት እዚያ አድሬ ልለካ?»

ትክክል ነበረች። ሌሊት ከውኃው በላይ ያለው አየር ሲቀዘቅዝና ሞቃቱ ከላይ ሲተኛ ሞገዱ ይጎብጣል። አንዱ ቀጥታ ይመጣል፤ ሌላው ውኃውን ነክቶ ይነጥራል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይሰርዘዋል። ይህን እኔም ተምሬዋለሁ። መጽሐፉ መደርደሪያዬ ላይ ነበር።

ምን ብዬ መለስኩላት? «ልጄ፣ ይህን ያሰሉት ሃያ ዓመት የሠሩ ሰዎች ናቸው። አንቺ ገና የመጀመሪያ ደሞዝሽን አልጨረስሽም።» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሷ እጇን አወረደች። አንገቷ ላይ የነበረውን ነጠላ ስታስተካክል አይቻታለሁ። ዛሬም አያታለሁ።

ፈረምኩ። ሪባኑ ተቆረጠ። ዳቦ ተቆረሰ።

ከሰባት ወር በኋላ ሐይቁ ማዶ ካለው ጤና ጣቢያ ደብዳቤ መጣ። «መሣሪያው ጠዋት ጠዋት አይሠራም» ይላል። ሄድኩ። ድሬሰሩ ሽማግሌ ሰው ነበሩ። ሻይ አፈሉልኝ። ከዚያ ከመሳቢያቸው አንድ የተማሪ ደብተር አውጥተው ሰጡኝ። በየቀኑ ሰዓቱን ጽፈዋል። «ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጠፋ። ጠዋት 1 ተኩል መጣ።» «ከሌሊቱ 10 ተኩል ጠፋ። 1 ሰዓት ከሩብ መጣ።» ገጹን ብገልጥ፣ ብገልጥ፣ አያልቅም። ልጅቷ ሳምንት አድሬ ልለካ ያለችውን ልክ እኚህ ሰው በእርሳስ ሰባት ወር ለክተውታል።

መካከል ላይ አንድ ገጽ ነበር። «ምጥ የያዛት ሴት መጣች። መኪና ለመጥራት ሞከርኩ። ጠፋ። በቃሬዛ ሄዱ።» ቀና ብዬ አየኋቸው። «ሴትየዋ ተርፋለች» አሉኝ። ስለ ሕፃኑ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ፤ አለመጠየቄ አልለቀቀኝም።

ማስተካከያው ቀላል ነበር። ሁለተኛ ዲሽ ከመጀመሪያው ዝቅ አድርገን ማማው ላይ ሰቀልን። አንዱ ሲደክም ሌላው ይሰማል። ሦስት ቀን ፈጀ። ሪፖርቱን እኔ ጻፍኩ። የልጅቷን ስም አልጻፍኩም። ያኔ አስቤ ሳይሆን «አይ፣ ዝርዝር ነው» ብዬ ነው። ዛሬ ሳስበው አስቤ ነው የተውኩት።

እሷ አንድም ቀን «ብዬ አልነበር?» አላለችም። ከባዱ ሌላ ነው። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ጥያቄ አቆመች። ስብሰባ ትገባለች፣ ትጽፋለች፣ ትወጣለች። ዓመት ሳይሞላ ለቀቀች።

የስሜድስን ታሪክ ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ቁጭ ብዬ ደገምኩት። እሱ ያገኘው እሺ የሚል አለቃ ነው። እሷ ያገኘችው እኔን ነው።

የእነሱ መስመር እንዴት እንደዳነ ላውራችሁ። መቀበያውን መቀየር አይቻልም፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቋል። ስለዚህ መንገዱን ቀየሩ። ካሲኒ ታይታንን በ1,200 ኪሎ ሜትር ልታልፍ የነበረውን ወደ 60,000 ኪሎ ሜትር አራቋት። ያኔ ፊት ለፊት ከመገስገስ ይልቅ በጎን ታልፋለች፤ የመቀራረቡ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ምቱም ይስተካከላል። ሁይገንስ ታይታን ላይ ያረፈው እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2005 ነው። በእኛ ጥር 6 ቀን 1997፣ የግዝረት ዕለት። ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ፎቶውን ስከፍት ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ነበር የሚመጣው። ብርቱካናማ ሰማይ። መሬት ላይ ድቡልቡል ጠጠሮች፣ ወንዝ ያለሰለሳቸው የሚመስሉ። ጠጠሮቹ ከውኃ በረዶ የተሠሩ ናቸው። ወንዙ ሚቴን ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ። አጠገቤ ኢሜይል የሚጽፍ ልጅ «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አለኝ። እንባዬ መጥቶ ነበር።

ያም ሆኖ ከሁለቱ የመረጃ መስመሮች አንዱ ጠፋ። ካሲኒ ላይ ያለውን መቀበያ የሚያበራ ትእዛዝ ተረስቶ ነበር። ከ700 ገደማ ፎቶ ወደ 350 ደረሰ። የነፋሱን ልኬት ግን ምድር ላይ ያሉ ትልልቅ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ደካማውን ሞገድ ቀጥታ ሰምተው አዳኑት። በዶፕለር ነው ያዳኑት፤ ሊያጠፋቸው በነበረው በራሱ።

ወደ እናንተ ልመለስ። ተማሩ፣ አንብቡ፣ ሰዓት አክብሩ አልላችሁም። ወላጆቻችሁ ነግረዋችኋል።

የዛሬ ወጣት ጥያቄ አይፈራም። ይህን እወድላችኋለሁ። መልስ መጠበቅ ግን አትችሉም። ስልኩ በሦስት ሰከንድ ካላመጣው ትታችሁ ወደ ሌላ ትሄዳላችሁ። ጁስ የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2023 ተነስታ ጁፒተር የምትደርሰው በ2031 ነው። ዩሮፓ ክሊፐር በ2024 ተነስታ በ2030። በበረዶ የተሸፈኑ ጨረቃዎችን ለማየት ነው የሚሄዱት። ያንን የሚጠብቅ ሰው ጥያቄውን ስንት ዓመት በኪሱ ይዞ ይዞራል! ትዕግሥት ተማሩ።

እንዲህ እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ ያችን ልጅ አስባለሁ። እሷ ታግሣ ነበር። ትዕግሥቷ ለዚያች ቃሬዛ ላይ ለነበረች ሴት ምን አደረገላት? በዚያ ቀን ጠረጴዛ ብትደበድብ ኖሮ እቆጣ ነበር፤ ግን ምናልባት እንድታድር እፈቅድላት ነበር። ስለዚህ ትዕግሥቱ ለመልሱ ይሁን። ለጥያቄው አትታገሡ።

ሚሼል ዶኸርቲን ተመልከቱ። ደቡብ አፍሪካ ያደገች ሴት ናት። የካሲኒን የመግነጢስ መለኪያ ቡድን ትመራ ነበር። ኤንሴላደስ ስፋቷ 500 ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነች የሳተርን የበረዶ ጨረቃ ናት፤ ሞታለች ብለው የሚያስቡ ብዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ መንኮራኩሯ በአጠገቧ ስታልፍ መለኪያው ላይ አንድ ትንሽ ጠማማ ነገር ታየ። ዶኸርቲ የመሣሪያ ስህተት ነው ብላ አልተወችውም። ቀጣዩ ጉዞ በጣም ይቅረብ ብላ ወተወተች። ሰሟት። በዚያው ዓመት ሐምሌ ካሲኒ በ173 ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈች። ከጨረቃዋ ደቡብ ዋልታ የውኃ ተንና የበረዶ ቅንጣት እየተረጨ ነበር። ከበረዶው ሥር ባሕር እንዳለ ዛሬ እናውቃለን። ካሲኒ ነዳጇ ሲያልቅ እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2017 ሆን ተብሎ ሳተርን ውስጥ እንድትቃጠል የተደረገው፣ አንድ ቀን ወድቃ ያችን ጨረቃና ታይታንን እንዳትበክል ነው። አንዲት ሴት ቅረቡ ባትል ኖሮ ያ ባሕር መኖሩን ለማወቅ ስንት ዓመት በጠበቅን።

አንድ ቀን እናንተም ወንበሩ ላይ ትቀመጣላችሁ። ገና የመጀመሪያ ደሞዟን ያልጨረሰች ልጅ እጇን ታነሳለች። ክፍሉ ከሳቀ አስቁሙት። ሌላው ይቆይ፤ መጀመሪያ ሳቁን አስቁሙት።

የጎረቤቴ ልጅ ገለጻዋን የፊታችን ዓርብ ታቀርባለች። እሄዳለሁ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ አለኝ። ከድሮ ባልደረባዬ የዚያችን ወጣት ስልክ አግኝቻለሁ። አሁን ወጣት አይደለችም፤ ልጆች አሏት አሉ። ቁጥሩ ከተሰጠኝ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ በእርሳስ ጽፌ ኪሴ ውስጥ ነው። ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ከዚያ ሐይቁ ዳር ሳምንት አድራ እንዴት ልትለካ አስባ እንደነበር እንድትነግረኝ እጠይቃታለሁ። በየስንት ሰዓቱ፣ በየትኛው መሣሪያ፣ ከየትኛው ማማ። ያኔ ይህን አልጠየቅኳትም።