ሁሉም ነገር «እርጅና ነው» አይባልም፦ ስለ ዕድሜና ሆርሞን ጥያቄና መልስ

በሆርሞንና በስኳር ክትትል ክፍል ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ሊታከም የሚችል ሕመም ይዞ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» እያለ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው ብዙ ነው። የዕድሜን ለውጥ በሽታ አድርጎ መድኃኒት የሚጀምርም አለ። ሁለቱም ያሳዝኑኛል። ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ 51 ዓመቴ ነው። ሌሊት ድንገት ሙቀት ይወጣብኝና ላብ በላብ እሆናለሁ። የወር አበባዬ ከቀረ አምስት ወር ሆኖታል።

መልስ፦ እህቴ፣ ወደ ማረጡ እየሄዱ ነው። አረጡ የሚባለው ግን 12 ወር ሳይመጣ ሲሞላ ነው፤ እስከዚያ እርግዝና ሊኖር ይችላል። ኢስትሮጅን ሲቀንስ አንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ይረበሻል፤ ላቡ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የሆርሞን መድኃኒት ካንሰር ያመጣል ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ።

መልስ፦ ፍርሃቱ የተስፋፋው በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከተቋረጠ አንድ ትልቅ ጥናት ነው። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ አብዛኞቹ ካረጡ ቆይተዋል። ከ60 በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ ሙቀቱ ኑሮዋን ላወከባት ሴት፣ ጥቅሙ አብዛኛውን ጊዜ ያመዝናል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት ወይም ስትሮክ የነበረባት ግን አትጀምር።

ጥያቄ፦ እናቴ 76 ዓመቷ ነው። ቲኤስኤች ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ቲ4 ደህና ነው ተባለ። የታይሮይድ መድኃኒት ትጀምር?

መልስ፦ ቲኤስኤች ፒቱታሪ የተባለችው የአንጎል ሥር እጢ፣ አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ እጢ «ሥራ» ብላ የምታዝበት ሆርሞን ነው፤ ቲ4 ደግሞ ታይሮይድ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። ቲኤስኤች በዕድሜ ጥቂት ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከ65 በላይ የሆኑ ሰዎችን ያሳተፈ የአውሮፓ ጥናት፣ ለእንዲህ ያለው ቀላል ለውጥ ሌቮታይሮክሲን መስጠት ድካምን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ሲበዛ ደግሞ የልብ ምት ያዛባል፣ አጥንት ያሳሳል። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ምርመራው ይደገም። የቲኤስኤች ቁጥሩ 10 ካለፈ ወይም ቲ4 ከወረደ ነገሩ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የታይሮይድ መድኃኒቱን ስወስድ ዓመታት አለፉ፤ ቁጥሩ ግን አልስተካከል አለ።

መልስ፦ እትዬ፣ ከቡና ጋር ይሆን የሚውጡት? ቡና መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ማልደው በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ይዋጡትና አንድ ሰዓት ይቆዩ፤ ቡናው ከዚያ በኋላ ይጠጣል። የካልሲየምና የአይረን ክኒን ከእሱ በአራት ሰዓት ልዩነት ይወሰድ።

ጥያቄ፦ 58 ዓመቴ ነው፤ ጉልበት የለኝም። ቴስቶስቴሮን መርፌ ልወጋ?

መልስ፦ ሳይለኩ አይሆንም። የወንድ ሆርሞን ድንገት አይቆምም፤ በዓመት 1 በመቶ ገደማ ነው የሚቀንሰው። ቦርጭ፣ ስኳርና የእንቅልፍ እጦት ግን ከዕድሜው በላይ ያወርዱታል። ጠዋት፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ይለካ። ልጅ መውለድ ካሰቡ፣ መርፌው ዘር መመረቱን ሊያቆም ይችላል።

ጥያቄ፦ ለሽንት ሌሊት ሦስቴ መነሳትስ?

መልስ፦ ሌሊት ሽንትን የሚቆጥበው ሆርሞን በዕድሜ ይቀንሳል። ስኳርና ፕሮስቴት ግን አስቀድመው ይታዩ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ውጭ አገር ነው። 72 ዓመት የሆናቸው አባቴ ደብረ ብርሃን ናቸው። ለስኳር ግሊቤንክላሚድ ይወስዳሉ፣ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ሰሞኑን ከሰዓት በኋላ ነገር ይምታታባቸዋል፤ ቤተሰቡ «ጃጁ» ይላል።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ያስጨንቀኛል። ክኒኑ በሉም አልበሉም ቆሽትን ኢንሱሊን ያስወጣዋል፤ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ወጣት ስኳሩ ሲወርድ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። በሽማግሌ ላይ ይህ ማስጠንቀቂያ ይደበዝዝና ግራ መጋባት ወይም መውደቅ ይቀድማል። ሲምታታባቸው ጣት ተወግቶ ይለካ፤ ስኳሩ ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከሆነና መዋጥ ከቻሉ በስኳር የተበጠበጠ ውሃ ወዲያው ይጠጡ። ራሳቸውን ከሳቱ ምንም በአፍ ሳይሰጥ ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊቀይረው ይችላል፤ የንስሐ አባታቸውም ስለ ጾሙ ያነጋግሯቸው። ዛሬ ማታ ይደውሉ፤ ነገ ባዶ ሆዳቸውን ክኒኑን እንዳይውጡ።