ጥያቄና መልስ፦ የፓይክ ሪል ለጎርጎራ ይሆናል?

በዚህ ጊዜ የደረሱን ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ ሪል (ዘንጉ ላይ ተገጥሞ ክሩን ስለሚጠቀልለው መሣሪያ) እና ስለ ክር ናቸው። ጣና ዳር ከመረቡ ይልቅ በዘንግና በሪል የሚያጠምድ ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ዕቃው የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ለሌላ ዓሣ ታስቦ የተሠራ ነው።

ጥያቄ፦ ስዊድን ያለው ወንድሜ ለፓይክ የሚጠቀምበትን ዕቃ ሙሉውን ላከልኝ። ቁጥር 4000 ሪል፣ 0.28 ሚሊ ሜትር የተጎነጎነ ክር፣ 30 ሳንቲ ሜትር የሆኑ የብረት ሽቦዎች፣ ከ40 እስከ 80 ግራም የሚመዝኑ ማባበያዎች (ዓሣ መስለው የሚጎተቱ ሰው ሠራሽ ማጥመጃዎች) አሉት። ጎርጎራ ላይ ይሠራል ወይስ ልሽጠው? (ከማራኪ)

መልስ፦ ሪሉን ያስቀሩት፣ ክሩን ይቀይሩት፣ ሽቦውን ይተዉት።

ፓይክ የቀዝቃዛ አገር ዓሣ ነው። አድብቶ ቆይቶ ድንገት ይወረወራል፤ አፉ ሙሉ ጥርስ ነው። ናይለኑንም የተጎነጎነውንም ክር እንደ ምላጭ ስለሚበጥሰው፣ ከማባበያው በላይ ሽቦ ማሰር ግዴታ ነው። ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝንም ስለሚገኝና ማባበያው ከባድ ስለሆነ ክሩ ይወፍራል። ወንድምዎ የላኩት ዕቃ ለዚያ ሥራ ልክ ነው።

ጣና ውስጥ ግን ፓይክ የለም። ማባበያ አባሮ የሚይዝልዎ ባርበሱ ነው፣ ቢልጫ የሚባለው። በሐይቁ ውስጥ ከ15 የማያንሱ የትልልቅ ባርበስ ዝርያዎች ሲኖሩ ከእነሱ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። ቆሮሶ ዋና ምግቡ አልጌ ስለሆነ ማባበያዎን ዞር ብሎም አያየውም። አምባዛ ደግሞ በማሽተትና በመዳሰስ ስለሚያድን ትል ወይም የዓሣ ቁራጭ ይሻለዋል።

ባርበስ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ስለዚህ ክር አይቆርጥም። ሽቦውን ካሰሩት ጉዳቱ ነው የሚበዛው፦ 10 ግራም የምትመዝን ማባበያ ሽቦው ከፊት ሲከብዳት አፍንጫዋን ደፍታ ትጎተታለች እንጂ አትዋኝም። ለባርበስ ከ7 እስከ 20 ግራም የሚመዝኑ፣ ርዝመታቸው ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ማባበያዎች ይበቃሉ። 0.28 ክር እነዚህን አርቆ አይወረውርም፤ ወፍራም ክር በዘንጉ ቀለበቶች ሲያልፍ ይጎትታል፣ ንፋስም ይይዘዋል። 0.16 ወይም 0.18 የተጎነጎነ ክር ይግዙ፤ 150 ሜትር ይበቃዎታል። ጣና በጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ 300 ሜትር ክር ተሸክሞ መዞር ትርፍ ነው።

በሽቦው ፋንታ ጫፉ ላይ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር 0.40 ናይለን ይቀጥሉ። ይህ ዓሣው ክሩን እንዳያይ አይደለም፤ ውሃው ድፍርስ ነው። ምክንያቱ ድንጋዩ ነው። የተጎነጎነ ክር ሲጎተት ብርቱ ቢሆንም በሻካራ ድንጋይ ላይ ሲታሽ ቶሎ ይበጠሳል፣ ናይለን ግን ይታገሣል። ቅጥያው እንዲህ ይታሰራል፦ ሁለቱን ክሮች ጎን ለጎን አስተኝተው በእያንዳንዱ ጫፍ ቀለበት ይሥሩ። የተጎነጎነውን 8 ጊዜ፣ ናይለኑን 5 ጊዜ በሁለቱም ክሮች ዙሪያ እያዞሩ በየራሱ ቀለበት ውስጥ ያሳልፉ። በምራቅ አርጥበው ሁለቱን ቋጠሮዎች እስኪጋጠሙ ድረስ በዝግታ ይሳቡ። ሳይረጥብ ከተሳበ ሰበቃው ናይለኑን ያቃጥለዋል፤ ቋጠሮው ደህና ይመስላል፣ ዓሣ ሲይዝ ግን እዚያው ላይ ይለቃል።

ማባበያው ድንጋይ ከያዘ በዘንጉ አይሳቡ፣ ክሩንም እጅዎ ላይ አይጠምጥሙ። ቀጭን ክር ሥጋ ይቆርጣል። እንጨት ላይ ጠምጥመው ቀጥ ብለው ይሳቡት።

4000ው ሪል ለቀላል ዘንግ ትንሽ ይከብድ ይሆናል። ገጥመው ዘንጉን ከሪሉ ፊት ለፊት በአንድ ጣት ያንሱት። ጫፉ በቀስታ ወደ ታች ካዘነበለ ወይም እኩል ከቆመ ይሠራል። የኋላው ክፍል ከወደቀ ግን ከሰዓት በኋላ ክንድዎ ይነግርዎታል፤ ያኔ ቁጥር 2500 ወይም 3000 ይፈልጉ። አንድ ነገር እንጨምር፦ ባርበስ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ለመራባት ወደ መገጭ፣ ወደ ድርማና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ይወጣል። በወንዝ አፍ ተሰብስቦ ሲገኝ ማጥመዱ ቀላል ነው፤ በመረብ የጎዱትም እዚያው ጠብቀው ነው። እነዚያን ወራት ይለፉት።

ጥያቄ፦ ሪሌ ላይ «0.30/200» ተጽፏል። የገዛሁት 150 ሜትር የተጎነጎነ 0.18 ክር ነው። ከበሮው (ክሩ የሚጠቀለልበት የሪሉ ክፍል) ሳይሞላ ቀረ፤ ስወረውርም ቅርብ ይወድቃል። ዓሣ ሲጎትት ደግሞ ክሩ በሙሉ ከበሮው ላይ ይዞራል። (ከቆላ ድባ)

መልስ፦ ጽሑፉ 0.30 ሚሊ ሜትር ክር 200 ሜትር ይይዛል ማለት ነው። ቀጭን ክር ምን ያህል እንደሚይዝ ለማወቅ ሁለቱን ውፍረቶች ለየብቻ በራሳቸው ያባዙ፦ 0.30 ሲባዛ በ0.30 0.09 ነው፤ 0.18 ሲባዛ በ0.18 ደግሞ 0.0324። የመጀመሪያው የሁለተኛውን 2.8 እጥፍ ያህል ነው፤ ስለዚህ ከበሮው 555 ሜትር ገደማ 0.18 ክር ይውጣል። የእርስዎ 150 ሜትር ሩቡን ትንሽ ቢያልፍ ነው። የቀረውን ቦታ ከሥር በርካሽ 0.30 ናይለን ይሙሉት፣ 145 ሜትር ያህል ይገባል። ርካሽ የተጎነጎነ ክር ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ይወፍራልና ስሌቱን እንደ መነሻ ብቻ ይያዙት። ልኩን የሚያገኙት ገልብጠው ሲሠሩ ነው፦ መጀመሪያ ጥሩውን ክር፣ በላዩ ናይለኑን እስኪሞላ ይጠቅልሉ፤ ከዚያ ሁሉንም ፈትተው ከናይለኑ ጀምረው መልሰው ያስገቡ። ናይለኑ ከሥር መሆኑ የመንሸራተቱንም ችግር ይፈታል፤ የተጎነጎነ ክር በለሰለሰ ብረት ላይ አይነክስም።

ሙላቱ ከከበሮው ከንፈር 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ሲል ይቁም። ከዚያ ካነሰ ክሩ ከንፈሩን እየታሸ ስለሚወጣ ርቀት ይቀንሳል። ከበዛ ደግሞ ክሩ በእቅፍ ዘልሎ ይወጣና ፈትተው የማይጨርሱት ውስብስብ ይሆናል። ሲጠቀልሉ በእርጥብ ጨርቅ ጠበቅ አድርገው ይያዙት፤ ላላ ብሎ የገባ ክር ዓሣ ሲጎትት የላይኛው የታችኛውን ሰንጥቆ ይገባል። ከወረወሩ በኋላም ለክሩ መውጫ የሚከፈተውን የሪሉን የሽቦ ክንድ በእጅዎ ይመልሱት። እጀታውን አዙረው ሲዘጉት የላላ ክር ስለሚጠቀለል ቀጣዩ ውርወራ ላይ ቋጠሮ ይጠብቅዎታል።

ጥያቄ፦ አንዱ ሪል «13 ኩሽኔታ፣ 9 ኪሎ ፍሪሲዮን» ይላል፣ ሌላው 5 ኩሽኔታ ብቻ አለው፤ ዋጋው ግን ይበልጣል። ይህ እንዴት ይሆናል? (ከአዘዞ)

መልስ፦ የኩሽኔታ ብዛት በቀላሉ የሚጨመር ቁጥር ነው። አምስት ጥሩ ኩሽኔታ ከአሥራ ሦስት መናኛ ይሻላል። 9 ኪሎውንም ማንም አይጠቀምበትም፤ ፍሪሲዮኑ (ዓሣ ሲጎትት ክሩን እየያዘ የሚለቀው የሪሉ ፍሬን) የሚስተካከለው ከደካማው ክር አቅም ሩብ እስከ ሲሶ ላይ ነው። እዚያ ላይ ያለ መንተክተክ መልቀቁ ነው ዋጋው።

በቤትዎ ይሞክሩት። 2 ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ውሃ ይሙሉና አንገቱ ላይ ክሩን ይሰሩ፤ ሪሉን ከዘንጉ ፈትተው ጠርሙሱን ቀጥ አድርገው ያንጠልጥሉት። ፍሪሲዮኑን ቀስ በቀስ ሲያላሉ ጠርሙሱ በእኩል ፍጥነት ወደ ታች መውረድ አለበት። ቆሞ ቆሞ በድንገት የሚወርድ ከሆነ፣ ያ መንዘርዘር ነው ዓሣው ሲሮጥ ክርዎን የሚበጥሰው። 9 ኪሎ የሚችል ክር ላይ ይህ 2 ኪሎ መልካም መነሻ ነው፤ 0.30 ናይለን ብቻ ካለዎት አንድ ሊትር ተኩሉ ይበቃል። ሲመለሱ ፍሪሲዮኑን አላልተው ያስቀምጡት፤ ጠብቆ የከረመ ሮንዴላ (ውስጡ ያለው ስስ ቀለበት) ይጨፈለቃል።

ሱቅ ውስጥ ደግሞ ክሩ የሚያልፍባትን ትንሽዋን ጎማ በጣት ይንኳት፤ ካልዞረች ክርዎን ትሞርደዋለች። የከበሮውን ከንፈርም በጥፍር ይዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ነገር ካለበት ይመልሱት።

ጥያቄ፦ 5.2:1 እና 6.2:1 ማለት ምንድነው? የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ክሩን የሚጠቀልለው ክፍል 5.2 ወይም 6.2 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። 45 ሚሊ ሜትር ከበሮ ላይ የመጀመሪያው 73፣ ሁለተኛው 87 ሳንቲ ሜትር ክር ይሰበስባል። ለዝግተኛ ማንኪያ (ማንኪያ ለሚመስለው የብረት ማባበያ) እና ለሚጎትት ማባበያ 5.2 ይመረጣል፣ እጅም አያደክምም። አንድ ብቻ ከገዙ እሱን ይግዙ።

ጥያቄ፦ ሪሌ ይንጫጫል፤ የምግብ ዘይት ጠብ ላድርግበት?

መልስ፦ አያድርጉ። የምግብ ዘይት ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። ከልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ዘይት ይለምኑና አንድ ጠብታ በእጀታው መጋጠሚያ፣ አንድ በክር ማሳለፊያዋ ጎማ ላይ ያድርጉ። ማርሹ የሚፈልገው ቀለል ያለ ግራሶ ነው፤ የመኪናው ወፍራሙ ያከብደዋል። ፍሪሲዮኑ ውስጥ ዘይት ከገባ ግን ተንሸራታች ይሆናል፤ ያኔ ሮንዴላዎቹን አውጥቶ በሳሙና ማጠብና ማድረቅ ያስፈልጋል። ሲያወጡ በተራ ይደርድሯቸው፤ ተራቸው ከተዛባ ፍሪሲዮኑ በትክክል አይሠራም።