ክሪፕቶና የመረጥናቸው ሰዎች፦ ጥያቄና መልስ ከባህር ዳር

እሺ ጠይቁ። ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፣ ስለ ክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ) ለመረጥናቸው ተወካዮች የምናስገባውን አቤቱታ ስትፈርሙ የዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) አድራሻችሁንና ስንት እንደያዛችሁ አትጻፉ።

ከዓባይ ማዶ፦ ጋሼ ክልክል ነው አይደለም? ቁርጡን ንገረን።

መልስ፦ ክፍያ ላይ አዎ። በ2014 ብሔራዊ ባንክ መገበያያችን ብር ብቻ ነው፣ በክሪፕቶ መክፈል ሕገወጥ ነው አለ። ክረምቱ ሳይወጣ ደግሞ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ማይኒንግ፣ ማለትም በኮምፒውተር ክሪፕቶ ማምረትና ዝውውር ላይ ያላችሁ ኑ ተመዝገቡ አለ። ሁለቱም የመንግሥት ተቋም ናቸው እኮ።

ከፋሲሎ፦ ቢትኮይን አሁን ልግዛ ወይስ ይወርዳል?

መልስ፦ አልመልስም።

ከጢስ ዓባይ፦ ማይነሮቹ የሚጠቀሙት የኛን ውሃ ነው ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ጣና በለስ በ2002 ሥራ የጀመረ 460 ሜጋ ዋት ጣቢያ ነው፣ ውሃውን ከሐይቁ በዋሻ ይወስዳል፣ ኃይሉ ብሔራዊው መስመር ውስጥ ይገባል፣ ማይነሮቹም የሚገዙት ከዚያው መስመር ነው፣ ለመንግሥት የሚከፍሉትም በዶላር ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው፣ ማምረቱ በውል ተፈቅዶ፣ እዚሁ ከተማ ቁጭ ብሎ ለውጭ ድርጅት ዲዛይን ሠርቶ በዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ክሪፕቶ) የተከፈለው ልጅ ግን የያዘው ነገር ንብረቱ ይሁን ወንጀሉ የሚነግረው ሕግ የለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንኡስ 2ን አንብቡት፣ በጉልበት፣ በመፍጠር ችሎታ ወይ በካፒታል የተገኘ ዋጋ ያለው ነገር የማይጨበጥ ቢሆንም የግል ንብረት ነው ይላል። የኛ ክርክር ይሄ ነው፣ ሌላ አይደለም።

ከዘጌ፦ እኛ ጋ መብራት እየጠፋ ለኮምፒውተር ይሸጣል! መዘጋት ነው ያለበት።

ከፋሲሎ፦ ዶላሩስ ከየት ይምጣ? አንተ ነህ የምታመጣው?

ከዘጌ፦ ዶላሩ እኔ ቤት መቼ ደረሰ!

መልስ፦ በቃ፣ ሁለታችሁም። የመብራቱ ቅሬታ ትክክል ነው፣ እሱንም ጠይቁ ግን ለብቻው ጻፉት፣ ከዚህ ጋር ስትደባልቁት ሁለቱም ሳይመለስ ይቀራል።

ከሰባታሚት፦ ምን እናድርግ ታዲያ?

መልስ፦ ምን ማለት ነው "ምን እናድርግ"? የምርጫ ክልልህን ተወካይ ስም ታውቃለህ? ከሱ ጀምር። አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ ስም፣ ቀበሌ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ የዲጂታል ንብረትን የሚደነግግ ረቂቅ እንዲቀርብና ቋሚ ኮሚቴው ሕዝብ እንዲያወያይበት ይጠይቃሉ ወይ? በሁለት ኮፒ ወስዳችሁ መዝገብ ቤት ስጡ፣ ቀሪው ላይ ማህተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ሳታስመቱ እንዳትወጡ። ያለዚያ "አልደረሰንም" ነው መልሱ። የዋሌት አድራሻ እንዳትጽፉ ብያለሁ።

ከዓባይ ማዶ፦ ካልመለሱስ?

መልስ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ንኡስ 3 ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት ይችላል ይላል፣ አንቀጽ 54 ንኡስ 7ም ይደግመዋል። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ማን መለሰ ማን ዝም አለ የሚለውን መዝግበን በይፋ እንለጥፍ። አሜሪካ ውስጥ ስታንድ ዊዝ ክሪፕቶ የሚባለው የክሪፕቶ ደጋፊዎች ድርጅት የምክር ቤት አባላትን እንደ ተማሪ ከኤ እስከ ኤፍ ውጤት ይሰጣቸዋል። ናይጄሪያ በ2021 እ.ኤ.አ. ባንኮቿን ከክሪፕቶ ከልክላ በ2023 መጨረሻ አንስታዋለች፣ ኬንያ በ2025 ሕግ አወጣች። ይቻላል ማለት ነው።

ከፋሲሎ፦ ክልክል ነው ግን አይደለም?

መልስ፦ ላይ ተመልሷል፣ አንብብ።

ከሰባታሚት፦ እስከ መቼ እናስገባ?

መልስ፦ ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ከዚያ በፊት፣ ቀሪውን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ ዝርዝሩን እኔ እይዛለሁ።