«የመንግሥት ብር ነው» ለሚል ጓደኛ

እህቴ፣ ከሐዋሳ የላክሽው ጥያቄ ደርሶኛል። ተመርቀሽ ሥራ አጥተሻል። ከአራት ጓደኞችሽ ጋር ሐይቁ ዳር ካለው የአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ እየገዛችሁ ለሆቴሎች ማቅረብ አስባችኋል። መነሻውን ከወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ እንበደር ወይ ብለሻል። ከእናንተ አንዱ ግን «የመንግሥት ብር ነው፣ ማን ይጠይቀናል?» እያለ አስጨንቆሻል።

መጨነቅሽ ልክ ነው። ፈንዱ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም 10 ቢሊዮን ብር ተመድቦለት ነበር። ተዘዋዋሪ የተባለው አንዱ የመለሰው ለሌላው ስለሚሰጥ ነው። እስቲ አስቢው፦ በመጀመሪያው ዙር አሥር ሰው ተበደረ እንበል። በየዙሩ ከአሥር ብር ስምንቱ ብቻ ቢመለስ፣ በሁለተኛው ስምንት፣ በሦስተኛው ስድስት፣ በአራተኛው አምስት ሰው ያህል ብቻ ይደርሰዋል። የኑሮ ውድነቱ ደግሞ የቀረውንም ብር አቅም ያሳጣዋል። ተራ ሲጠብቁ የሚቀሩት የሰፈርሽ ልጆች ናቸው።

በቡድን ዋስትና ከፈረማችሁ ደግሞ አንዱ ሲጠፋ ዕዳው የቀራችሁት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ያንን ጓደኛችሁን ከፊርማ በፊት ቁጭ ብላችሁ አናግሩት። ሐሳቡን ካልቀየረ አራት ሆናችሁ ቀጥሉ። ቅር ይለው ይሆናል፣ ይለው።

እኔን ከእሱ በላይ የሚያሰጋኝ የሆቴሎቹ ዱቤ ነው። አስጋሪው ጠዋት ሐይቁ ዳር ገንዘቡን እጅ በእጅ ይቀበላችኋል። ሆቴሉ ግን «ወር ሲያልቅ ኑ» ሊላችሁ ይችላል። በዚያ መሃል የብድሩ ክፍያ ቀን ከደረሰ፣ ትርፋማ ሆናችሁም ባዶ እጃችሁን ናችሁ። ሆቴሎቹን አሁኑኑ ዞራችሁ በስንት ቀን እንደሚከፍሉ ጠይቁ። በየሳምንቱ የሚከፍሉ ሁለት ትንንሽ ምግብ ቤቶች፣ በወር ከሚከፍል አንድ ትልቅ ሆቴል ይሻሏችኋል።

አበዳሪው ዘንድ ስትሄዱ የእፎይታ ጊዜ፣ ማለትም መመለስ ሳትጀምሩ የምትቆዩበት ጊዜ፣ እንዳለው ጠይቁ። ወለዱ የሚታሰበው በመነሻው ብድር ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ? ይህንንም ሳታጣሩ አትፈርሙ። ለምሳሌ 100,000 ብር በዓመት 12 በመቶ ወለድ ወስዳችሁ ዋናውን ብድር በ12 ወር እኩል እኩል ብትመልሱ፣ በመነሻው ከታሰበ ወለዱ 12,000 ብር ነው። በቀሪው ዕዳ ከታሰበ 6,500 ብር ብቻ። ሁለቱም ወረቀቱ ላይ «12 በመቶ» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ።

ብድሩ እስኪፈቀድ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። አምስታችሁ ያላችሁን አዋጡና ለአንድ ምግብ ቤት ለሁለት ሳምንት አቅርቡ። ሂሳቡን አንቺ ያዢ። ከዚያ ስንት እንደምትበደሩ ደብተሩ ይነግራችኋል።