ዘዴ ከመምረጣችሁ በፊት ወሰኑን ጠይቁ

ልጆቼ፣

አዳማ ላይ ሥራ የጀመራችሁ ወጣት መሐንዲሶች ስታገኙኝ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ የፕሮጀክት አስተዳደር ዘዴ በእርግጥ ፕሮጀክትን ያሳካል ወይ ብላችሁ ነው። ይጠቅማል። ጥቅሙ ግን ችግርን ቀድሞ ማሳየቱ ነው፤ የታየውን ችግር የሚፈታ ኃላፊ ከሌለ ሰንጠረዡ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ክሪቲካል ፓዝን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1957 በኬሚካል ኩባንያው ዱፖንት የተጀመረ ስሌት ነው፤ የትኛው ሥራ አንድ ቀን ቢዘገይ ጠቅላላው ፕሮጀክት እንደሚዘገይ ይነግራችኋል። ከማንኛውም ሰርተፊኬት በፊት ይህን በእጃችሁ እየሠራችሁ ልመዱት። ከተማችን በኮረብታ የተከበበች ስለሆነች ክረምት ሲገባ ጎርፉ ወደ መሀል ይወርዳል። ስለዚህ የጎርፍ መውረጃ ቦይ በበጋው ማለቅ አለበት። መርሐ ግብሩን ስትገልጡ ቁፋሮው፣ አርማታው፣ ሙሌቱ በቀን ተለክቶ ታገኙታላችሁ፤ ወሰን ማስከበሩ፣ ማለትም መሬቱን ለሥራው ነፃ ማድረጉ፣ ግን «በአሠሪው» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። የካሳ ክፍያው፣ የመብራት ምሰሶው መነሳት፣ የውሃ መስመሩ መዛወር፣ ከውጭ ለሚመጣው ዕቃ ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና ሰነድ) መከፈቱ የት ገባ? እኛ አገር ክሪቲካል ፓዙ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በቢሮ በኩል ነው። እያንዳንዱን ከኃላፊውና ከቀኑ ጋር ጻፉት።

ሥራን በአጭር በአጭር ዙር እየሠሩና እያረሙ ስለሚሄዱበት ዘዴ፣ ስለ አጃይልም ትጠይቁኛላችሁ። መግለጫውን እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች ናቸው። ኮድ ተሰርዞ ይጻፋል፤ የተሞላ አርማታ ግን በድሪል ነው የሚፈርሰው። ከአጃይል ለሳይት የምመኝላችሁ አጭሩን የጠዋት ስብሰባ ነው።

«ዘዴ የተከተሉ ፕሮጀክቶች የበለጠ ይሳካሉ» ሲሏችሁ ደግሞ ቆም በሉ። ዘዴ የሚከተል ድርጅት ብዙውን ጊዜ ገንዘብም ልምድ ያለው ሰውም አለው፤ የትኛው እንዳሳካው መለየት ከባድ ነው። የስኬት መለኪያውም አንድ አይደለም። የሲድኒ ኦፔራ ቤት በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ታስቦ 102 ሚሊዮን ፈጅቶ፣ አሥር ዓመት ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ተከፈተ፤ ዛሬ የአገሪቱ መለያ ነው።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ሪፖርቱ ነው። «95 በመቶ ደርሷል» ሲባል በምን ተለክቶ? በተከፈለው ገንዘብ ወይስ በተሠራው ሥራ? አለቃን ለማስደሰት የሚሞላ ቅጽ ጨርሶ ዘዴ ከማጣት ይብሳል፤ ሁሉም ሰው ሥራው በቁጥጥር ሥር ያለ ይመስለዋልና። እናንተ ቁጥሩን ከመጻፋችሁ በፊት ቦዩን በእግራችሁ ሂዱበት፣ ፎርማኑን ጠይቁ። ወሰኑ እንዳልተለቀቀ ካያችሁ በኅዳር ለአሠሪው በደብዳቤ አሳውቁ፤ ያኔ ሥራውን ከፋፍሎ ከተለቀቀው ጫፍ ለመጀመር ገና ጊዜ አለ።