ጸሐፊ ወይስ ፀሃፊ? ስለ ሞክሼ ፊደላት ለተጠየቀው

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ እንዲህ ነው። አንዲት እኅታችን የመመረቂያ ጽሑፏን ለአማካሪዋ ታስገባለች። አማካሪው “ጸሐፊ” የሚለው ቃል በአንድ ገጽ ላይ በሦስት መልክ ተጽፏል ብሎ በቀይ ከቦ ይመልስላታል። “ድምፁ አንድ ከሆነ ምን ለውጥ አለው? ሕግ አለው ወይስ እጅ እንዳመጣው ነው?” ነው የምትለው።

እኔ እዚህ ሐዋሳ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የተማሪ ጽሑፍ፣ ማመልከቻ፣ የሠርግ ካርድ፣ ባነር ስጽፍ ነው የምውለው። ይህ ጥያቄ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

ሕግ አለው። ግን ሕጉን አማርኛ ውስጥ ብትፈልጊው አታገኚውም፤ ያለው ግዕዝ ጋ ነው። በግዕዝ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። አማርኛ ድምፁን አንድ አደረገው፣ ፊደሉን ግን አልጣለም። ትግርኛ ተናጋሪ ጓደኛ ካለሽ ሐ እና ዐን ከጉሮሮው ሲያወጣቸው ስሚው፤ እዚያ ልዩነቱ ዛሬም አለ።

ቄስ ትምህርት ቤት ያለፉ ሰዎች መለያ ስማቸውን ያውቁታል። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ። አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ስሙ ራሱ ፊደሉን ይዟል። ደንበኛ በስልክ ስም ሲያስጽፈኝ “በንጉሡ ነው በእሳቱ?” እላለሁ። ትልልቆቹ ወዲያው ይመልሳሉ። ወጣቶቹ “ምን?” ይላሉ።

አሁን ወደ ዋናው። ነጠላ ቃል አትሸምድጂ፤ ቤተሰቡን ያዢ። “ጸሐፈ” በጸሎቱ ጸ እና በሐመሩ ሐ ነው። ይህን ካወቅሽ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ፣ ጽሕፈት ሁሉም ተከትለው ይመጣሉ። ጽ/ቤትም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ከተማው ውስጥ “ፅ/ቤት” የሚል ስንት ሰሌዳ እንዳለ ግን አትጠይቂኝ።

ልዩነቱ ትርጉም የሚለውጥበት ቦታም አለ፤ እኔ የምወደው ይህን ነው። በግዕዝ “መሀረ” አስተማረ ነው። ምሁር፣ መምህር፣ ትምህርት ከዚያ ይወጣሉ። “መሐረ” ደግሞ ይቅር አለ፣ ራራ ነው፤ ምሕረት የመጣው ከዚህ ነው። “ሰረቀ” ያው ሌባው ነው። “ሠረቀ” ግን ፀሐይ ወጣች ነው፤ ምሥራቅ በንጉሡ ሠ የሚጻፈው ለዚህ ነው። “ሰአለ” ለመነ፣ “ሠዐለ” ሥዕል ሠራ። ስለዚህ “ሰአሊ ለነ” የሚለውን ጸሎት በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ከጻፍሽው እመቤታችንን “ለምኚልን” ማለትሽ ቀርቶ “ሥዕል ሥዪልን” ትያለሽ። “ዓመት”ም አለ። በአልፋው “አመት” ካልሽ በግዕዝ ገረድ ማለት ነው፤ አመተ ማርያም የሚለው ስም ከዚያ ነው። “አ.ም.” ብለሽ ቀን ስትጽፊ ምን እንደምትጽፊ አስቢው።

ለዕለት ሥራ አቋራጭ ከፈለግሽ ብዛት የሌለውን ወገን ያዢ። በንጉሡ ሠ ከሚጻፉት፦ ንጉሥ፣ ሥላሴ፣ ሥጋ፣ ሥራ፣ ሥር፣ መሠረት፣ ሥርዓት፣ ሥልጣን፣ ሥዕል፣ ምሥራቅ፣ ሠራዊት፣ ዓሣ። በፀሐዩ ፀ ደግሞ ፀሐይ፣ ድምፅ፣ ፅንስ፣ ዕፅዋት፣ ፀብ። ጸሎት፣ ጸጋ፣ ጽድቅ እዚህ የሉበትም። (እዚህ ሐዋሳ ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ብትወርጂ “አሳ”፣ “ዓሳ”፣ “አሣ”፣ “ዓሣ” ሁሉንም ታገኛለሽ። ጥብሱ ያው ነው።) በኀ በኩል ኃይል፣ ኃላፊ፣ ኃጢአት፣ ኅብረት፣ ኅዳር። ሃይማኖት ግን በሃሌታው ነው፤ ብዙ ሰው “ኃይማኖት” ይላል።

እንዲያውም ከማያውቀው ይልቅ አሳምራለሁ የሚለው ይብሳል። ንጉሡ ሠ ግርማ አለው መሰለኝ፣ ባነር የሚያሠራ ሁሉ “ሠላም” በይልኝ ይላል። ሰላም በእሳቱ ነው። ሰው፣ ሰማይ፣ ስም፣ ሰዓትም በእሳቱ ናቸው።

ግዕዝ የማያውቃቸው ቃላት ላይ ግን አትጨነቂ። የከተማችንን ስም ውሰጂ። ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ ሃዋሳ፣ የድሮው አዋሳ፤ ሁሉም ይጻፋል። ስሙ የሲዳማ ነው፤ ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ለዚህ ድምፅ ያለው አንድ ፊደል ነው። ስለዚህ ሐመሩ ነው ብዙኃኑ ብሎ ግዕዝን መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። እኔ ከልማድ በሐመሩ እጽፋለሁ፤ በሃሌታው የጻፈውን ግን አላርምም።

“አንዱን ይዘን ሌላውን እንጣል” የሚሉ አሉ፤ ክርክሩም የቆየ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንዱ የጻፈ ሰው እኔን አይከፋኝም። የሚያናድደኝ መደባለቁ ነው። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ መደባለቅ ዋጋ ያስከፍላል። ለኮምፒውተሩ ሠ እና ሰ ሁለት የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው። “ኃይለ ሥላሴ”ን ብቻ ብንወስድ ለመጀመሪያው ፊደል 6 ምርጫ አለ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)፣ ለሥ 2፣ ለሴ 2። 24 መልክ መሆኑ ነው። አንድ ደንበኛዬ መታወቂያው ላይ “ኃይሉ”፣ የትምህርት ማስረጃው ላይ “ሀይሉ” ተብሎ፣ ያንተ ለመሆኑ ማረጋገጫ አምጣ እየተባለ ሲመላለስ ከርሟል። ስም ላይ እንግዲህ ግዕዝም አይሠራም፤ መታወቂያው ላይ ያለውን መከተል ነው።

ስትጠራጠሪ የደስታ ተክለ ወልድን የ1962 መዝገበ ቃላት እዪ። ግን በሀለሐመ አትፈልጊ፤ የተደረደረው በአበገደ፣ ማለትም አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያለ በሚሄደው ተራ ነው።

ያንቺን ጽሑፍ በተመለከተ፦ ዎርድ ላይ ኮንትሮል ኤች ተጫኚና የተምታታውን ቃል ሙሉውን አስገቢ፣ “ፀሃፊ”ን በ“ጸሐፊ” እንደማለት። ፊደሉን ብቻ ለይተሽ ፀን ሁሉ በጸ አትተኪ፤ ፀሐይና ድምፅም አብረው ይበላሻሉ። የዋቢ ዝርዝሩን ደግሞ ጭራሽ እንዳትነኪው። ደራሲው መጽሐፉ ላይ ስሙን እንዴት አድርጎ እንደጻፈ፣ አንቺም እንደዚያው ነው የምትጽፊው።