ኡድን ከሲታር ጋር አጣምሮ ሙያ ለማድረግ ለጠየቁኝ

ውድ ጠያቂዬ፣

በሻርጃ በሒሳብ ሥራ እየተዳደሩ ለስድስት ዓመት ኡድ የተባለውን የዓረብ የክር መሣሪያ መማርዎን፣ ሲታር የተባለውን የሕንድ የክር መሣሪያ ከሚጫወት አንድ ሕንዳዊ ጋርም በየሳምንቱ መለማመድ መጀመርዎን ገልጸው፣ የዓረብንና የሕንድን ክላሲካል ሙዚቃ በመሣሪያ ማጣመር እንጀራ ይሆን እንደሆነ ጠይቀውኛል።

ይሆናል፤ ነገር ግን ሰሚ የሚያገኘው ሁለቱም ተጫዋቾች በየራሳቸው ሙዚቃ ሲበስሉ ነው። ፍልስጤማዊው የኡድና የቫዮሊን ባለሙያ ሳይመን ሻሂን ከሕንዳዊው የሞሃን ቪና (የጊታር ዓይነት) ተጫዋች ቪሽዋ ሞሃን ባት ጋር «ሰልጣና» የተሰኘውን አልበም ሲሠሩ ሁለቱም በየመስካቸው አንቱ የተባሉ ነበሩ፤ ባትም ቀደም ብሎ ከአሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ራይ ኩደር ጋር የግራሚ ሽልማት ተጋርቷል።

ራስት ከተባለው መቃም (የዓረብ ሙዚቃ የዜማ ስልት) እንደማይጀምሩ ተስፋ አደርጋለሁ። የራስት ሦስተኛ ድምፅ በፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቅ ነውና፣ ፍሬት (በመሣሪያው አንገት ላይ ድምፆቹን የሚለይ ዘንግ) የሌለው ኡድዎ በቀላሉ ቢያገኘውም፣ ጓደኛዎ የሲታሩን ፍሬት መግፋት ብቻ ሳይሆን ከሥር ተዘርግተው የሚያስተጋቡትን ክሮችም እንደገና መቃኘት ይኖርበታል። ይልቁንም የእርስዎን ሒጃዝካር የተባለ መቃም ባይረቭ ከተባለው የእርሱ ራጋ (የሕንድ ሙዚቃ የዜማ ስልት) ጋር ያገናኙ፤ የሁለቱ ድምፆች እርከን ተቀራራቢ ነው። ይህም ሆኖ አንድ ናቸው ብለው እንዳይዘናጉ፣ ባይረቭ ሁለተኛውንና ስድስተኛውን ድምፅ በዝግታ እያወዛወዘ የሚይዝ በመሆኑ፣ ጓደኛዎ እዚያ ላይ ሲቆይ እርስዎ ዝም ብለው መስማትን ይልመዱ። ተቅሲም (በዓረብ ሙዚቃ ተጫዋቹ እዚያው እየፈጠረ ብቻውን የሚጫወተው) ከመቃም ወደ መቃም ተሻግሮ ሲመለስ አላፕ (ያለ ምት የሚጫወት የራጋ መግቢያ) ግን በያዘው ራጋ ውስጥ ስለሚቆይ፣ ማን መቼ እንደሚሻገር አስቀድማችሁ ተስማሙ። በምት ረገድም የሕንዱ ጃፕታልና የዓረቡ ሰማኢ ሰቂል የተባሉት የምት ዑደቶች ሁለቱም 10 ምት አላቸው፤ የመጀመሪያው 2+3+2+3፣ ሁለተኛው 3+2+2+3 ተብሎ ስለሚከፈል ግን እያጨበጨባችሁ ሳትለማመዱ መሣሪያ አታንሱ።

ለትምህርትዎ፣ ኢራቃዊው የኡድ ተጫዋች ነሲር ሻማ የመሠረተውን የአቡ ዳቢውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በይት አል-ኡድ ቢያነጋግሩ መልካም ነው። ገቢውን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ላይ ከመድረክ ይልቅ ለጀማሪዎች ከሚሰጥ ትምህርት እንደሚገኝ ይገምቱ። የመኖሪያ ፈቃድዎ ከአሠሪዎ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ የግል ሥራ ፈቃድ ሳይዙ ሥራዎን እንዳይለቁ፣ በክፍያም እንዳይጫወቱ አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚፈጠር ስሕተት ለዓመታት የደከሙበትን ሁሉ ሊያሳጣ ይችላል። ከጓደኛዎም ጋር የቀረጻው ባለቤትነትና የገቢው ክፍፍል በጽሑፍ ይስፈር። እስከዚያው 15 ደቂቃ የሚሆን የሒጃዝካርና የባይረቭ ቀረጻ አዘጋጅታችሁ ለአንድ የኡድና ለአንድ የሲታር መምህር አሰሙ፤ ሁለቱም የሚነቅፉትን ቦታ ከሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዎ በፊት ያርሙ።